ጋሽ ሬናቶና የማትነሣው መኪና

ጋሽ ሬናቶ ባረፉ በማግስቱ ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ወደ ቤታችን ወጥተው፣ በቀብሩ ዕለት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ጠየቁኝ። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ በሕንጻችን ካለነው ሐበሾች መካከል ሠላሳ አራት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወረቀት ሲያገላብጥ የኖረ ከእኔ ሌላ የለም። አደራውን በክብር ተቀብዬ በአንድ ገጽ አዘጋጀሁት፤ የትውልድ ቦታ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ የቤተሰብ ሁኔታ። ከቫቲካን ቅጥር ውስጥ ባለችው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ አንድም ስሕተት አልተገኘበትም። ነገር ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንድም ሰው ፈገግ አላለም። ጋሽ ሬናቶ ባሉበት ስፍራ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሆኖ አያውቅም። በአውቶቡስ ስንመለስ ልጄ ማርታ፣ «አባዬ፣ የማንን ታሪክ ነው የጻፍከው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ተገቢ ስለነበረ ይህን ማረሚያ ጽፌያለሁ።

ከጡረታ በኋላ ወደ ሮም የመጣሁት ከማርታ ጋር ለመኖር ነው። እሷ በአንድ ዓለም አቀፍ የምግብ ድርጅት ትሠራለች። ቤታችን ከቱስኮላና ጎዳና ገባ ብሎ፣ በመካከሉ ግቢ ባለው ባለ ስድስት ፎቅ ሕንጻ አራተኛው ላይ ነው። የጋሽ ሬናቶ ጋራዥ የነበረው በዚያው ግቢ፣ ቀድሞ የሕንጻው የከሰል ማከማቻ በነበረው ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቀራል።

አባታቸው ጣሊያናዊ መካኒክ፣ እናታቸው የአዲስ አበባ ሴት ነበሩ። ሙያውን የተማሩት ፒያሳ ከአባታቸው ሲሆን፣ ሮም የገቡት በወጣትነታቸው ነው። አማርኛቸው በወጡበት ዘመን ቆሞ የቀረ በመሆኑ እኛ በረሳናቸው ቃላት ያነጋግሩን ነበር። ከሮማውያን ጋር የሰፈሩን ጣሊያንኛ ይናገራሉ፤ ወደ አማርኛ የሚመለሱት ሲናደዱ ብቻ ነው። ደንበኞቻቸውም አማርኛውን የሰሙ እንደሆነ መኪናቸው በጽኑ መታመሟን ያውቃሉ። እኔ በበኩሌ ካንዴላ፣ ሞተሪኖና ፍሪሲዮን የሚሉትን ቃላት ዕድሜ ልኬን አማርኛ ናቸው ብዬ ስለኖርኩ፣ ሮማውያኑ ሲናገሯቸው ብሰማ ከእኛ የወሰዷቸው መሰለኝ። ይህንኑ ለጋሽ ሬናቶ ባካፍላቸው ፊታቸውን ሳይለውጡ፣ «ወስደውብናል እንጂ፤ እርስዎ ማመልከቻውን ይጻፉ፣ እኔ እፈርማለሁ» አሉኝ።

ከሰማያዊ ቱታቸው ሥር ዘወትር የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ይለብሱ ነበር። በደረት ኪሳቸው አንድ ረጅም ካቻቢቴ አለ። ጫፉን በሚሠራው ሞተር፣ እጀታውን በጆሯቸው ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከዚያም የደረሱበትን ለባለቤቱ የሚነግሩት እንደ ሐሜት ነው፤ ግራ ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሦስተኛው ካንዴላ ከሌሎቹ ጋር ተኳርፏል» ይላሉ።

ኮፈን ከመክፈታቸው በፊት ግን ቃል ይቀበላሉ። መኪናው እንቢ ያለው ሰው ሲመጣ በርጩማ ላይ ያስቀምጡትና በተራ ይጠይቁታል። ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሪኖው ያሽከረክራል ወይስ ዝም ይላል? ካሽከረከረ፣ ሞተሩ ለመነሣት ይሞክራል ወይስ እንዲያው ይዞራል? ቁልፉ ሲከፈት ከኋላ ወንበር ሥር የቤንዚን ፖምፓዋ እንደ ንብ ትላለች? ከብዙ ሙከራ በኋላ ጭስ ማውጫው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል? ከሸተተ የቀረው እሳት ነው፤ ካልሸተተ የቀረው ነዳጅ ነው። «ሞተር ከእግዚአብሔር የሚለምነው ሦስት ነገር ነው» ይሉ ነበር፤ «ነዳጅ፣ እሳት፣ አየር። የቀረው ሐሜት ነው።» የመጨረሻው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ከመታመሟ በፊት ምን አዲስ ነገር ገባ? ሁሉም ሰው «ምንም» ይላል። ጋሽ ሬናቶም «አሎራ፣ እንግዲያው ይህን ምንም የሚባለውን ፈልገን እናምጣው» ብለው ይነሣሉ።

አንድ ቀን አንድ ካህን መኪናቸው ስለማይነሣ ጠርተዋቸው አብሬ ሄድኩ። ካህኑ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጸልየው ሦስት ጊዜ ሞክረዋል። የነዳጁ ጠቋሚ ግማሽ ላይ ነው። ጋሽ ሬናቶ መስታወቱን በጣታቸው ኳ ቢያደርጉት መርፌው ተንሸራትቶ ባዶው ላይ አረፈ። ቆባቸውን አወለቁና፣ «አባ፣ ጸሎትዎ ተሰምቷል፤ የመጣው መልስ ግን ማደያ ይሂዱ የሚል ነው» አሉ።

ጋሽ ሬናቶን በሚገባ ያወቅኋቸው ግን በራሴ ጉዳይ ነው።

በ2015 ዓ.ም. መግቢያ አዲስ አበባ ሄጄ ሳለሁ የቀድሞ ባልደረቦቼ ተሰባስበው፣ ጡረታ ስወጣ ሳይደረግ የቀረውን ሽኝት አደረጉልኝ። ስጦታቸው ከነሐስ የተሠራ የቁልፍ ማኅደር ነበር። የቁልፉን ራስ ከሁለት ወገን እንደ ቅርፊት ይሸፍነዋል፤ በታች በኩል የሚወጣው ጥርሱ ብቻ ነው። በአንዱ ገጽ ስሜ፣ በሌላው «ለረጅም ዘመን ታማኝ አገልግሎት» የሚል ቃል ተቀርጾበታል። ሮም እንደተመለስኩ የማርታን መኪና ተለዋጭ ቁልፍ በውስጡ አኖርኩ።

ተለዋጩ ቁልፍ በእጄ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ማርታ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ግቢ ወርጄ ሞተሩን አምስት ደቂቃ አሞቅላታለሁ። በአገራችን የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ሳያሞቅ ተንቀሳቅሶ አያውቅም ነበርና፣ ልጄም በቀዝቃዛ ሞተር እንድትወጣ አልፈቅድም። የዛሬ መኪና ይህን እንደማይፈልግ ብዙ ጊዜ ነግራኛለች። ሰምቻታለሁ፤ ማሞቁን ግን አላቋረጥኩም።

ከአዲስ አበባ በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን ሞተሪኖው በሙሉ ጉልበቱ አሽከረከረ፤ ሞተሩ ግን አልተነሣም። ደገምኩት፤ ሠለስኩት። ድምፁ በግቢው ግድግዳዎች መካከል እየተጋጨ እስከ ስድስተኛው ፎቅ ወጣ። ማርታ ሰዓቷን አይታ ወደ ሜትሮው ሮጠች።

ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከበርጩማው ላይ ተቀምጬ ቃሌን ሰጠሁ። ምን አዲስ ነገር ገባ ብለው ሲጠይቁኝ በሙሉ ልብ «ምንም» አልኩ። ቁልፉን ሲጠይቁኝ ደግሞ፣ የክብር ስጦታዬ በዘይት እንዳይጨማለቅ ከማኅደሩ አውጥቼ ራቁቱን ሰጠኋቸው። መኪናዋ በመጀመሪያው ዙር ተነሣች።

«ምን ሆነች ነው የሚሉኝ፣ ክቡር ዳይሬክተር?»

ዳይሬክተር ሳልሆን የመዝገብ ቤት ኃላፊ እንደነበርኩ አስረዳኋቸው።

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አሉ፤ «ምን ሆነች፣ ክቡር ዳይሬክተር?»

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ እንደገና እንቢ አለች። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩን በሥርዓት ለመያዝ ወስኜ መዝገብ ከፈትኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የሙከራ ብዛት፣ ውጤት፣ ልዩ አስተያየት የሚሉ ዓምዶች ነበሩት። ጋሽ ሬናቶ ካንዴላዎቹን ለወጡ፤ ፖምፓዋን ፈተሹ፤ ባትሪውን ለኩ፤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ጋራዥ ስትገባ ትነሣለች፤ ጠዋት በእኔ እጅ ትዞራለች እንጂ አትነሣም። አንድ ጠዋት ማርታ ተናድዳ ወርዳ በራሷ ቁልፍ ብትሞክራት ወዲያው ተነሣች። «አባዬ፣ የጠላችው አንተን ነው» ብላኝ ሄደች። እኔም በመዝገቡ ላይ «በሌላ ሰው እጅ፣ በአምስተኛው ሙከራ፣ ተነሣች» ብዬ አሰፈርኩ። መዝገቡን ለጋሽ ሬናቶ ባቀርብላቸው ሞተር ማንበብ አይችልም ብለው መለሱልኝ። ይልቁንም በየሳምንቱ ማዕረግ ይጨምሩልኝ ጀመር፤ በሁለተኛው ሳምንት ኮሚሽነር፣ በአራተኛው ሚኒስትር ሆንኩ። ጣሊያናውያኑ ጎረቤቶቻችንም ከእሳቸው ሰምተው ሲኞር ዲሬቶሬ ይሉኝ ነበር። ይህን ለማረም እንደ ሌላው ጊዜ አልተጣደፍኩም።

በሦስተኛው ፎቅ የሚኖሩት አሮጊት ሲኞራ ፍራንካ ግን የመኝታ ቤታቸው መስኮት ወደ ግቢው ነው። ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሳቸው ድምፅ ከጋራዡ የሚመጣ ነው ብለው አመኑ። የጋራዡ ክፍል የሕንጻው ባለቤቶች የጋራ ንብረት ሲሆን፣ የጋሽ ሬናቶ የኪራይ ውል የሚያበቃው በዓመቱ መጨረሻ ነበር። በኅዳር መጀመሪያ በአሳንሰሩ ውስጥ የስብሰባ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የሲኞራ ፍራንካ ሐሳብ ሁለተኛው አጀንዳ ነበር፤ ጋራዡ ስለሚረብሽ፣ መካኒኩም በገዛ ግቢው የቆመችን አንዲት መኪና እንኳ ማስነሣት ስላልቻለ፣ ውሉ እንዳይታደስ።

ጋሽ ሬናቶ ያን ጊዜ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። በዚያ ዕድሜ ሌላ ቦታ ጋራዥ አይከፈትም። ወይዘሮ አልማዝ በደረጃው ላይ አግኝተውኝ፣ «ይህን በር ከዘጉበት ሬናቶ አለቀ» አሉኝ፤ ቀጥለውም፣ «ከማለቁ በፊት ደግሞ ፍሪጄን ይፈታታዋል» አሉ።  ጋሽ ሬናቶ ግን ያን ሳምንት አዲስ ማዕረግ አልሰጡኝም።

የስብሰባው ዋዜማ ዓርብ ከሰዓት፣ መዝገቡን እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። ቆመው፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው አነበቡ። አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው በልዩ አስተያየቱ ዓምድ ላይ ቆመ። የጻፍኩት ቃል በቃል ይህ ነበር፤ «ሞተሪኖው ሲያሽከረክር፣ የቁልፍ ሥዕል ያለባት አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ምናልባት በር አልተዘጋ ይሆን?»

«ይህችን ያዩዋት ስንት ቀን ነው?»

«እንቢ ባለችበት ቀን ሁሉ። በየገጹ ይገኛል።»

«እኔ ጋራዥ ውስጥ አንድ ቀን አላየኋትም» አሉና መዝገቡን በሁለት እጃቸው አክብረው መለሱልኝ። «ነገ ጠዋት እንደ ወትሮዎ ወርደው ያሙቁ። እኔን እንዳላዩኝ ይቁጠሩ።»

ቅዳሜ ማርታ ሥራ ባይኖራትም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወረድኩ። ቁልፉን አስገብቼ አዞርኩ። ሞተሪኖው አሽከረከረ፤ ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም አለች፤ ሞተሩ አልተነሣም። ከግቢው ዓምድ ጀርባ ጋሽ ሬናቶ ብቅ አሉና እንደ ፖሊስ እጃቸውን ዘርግተው እንዳልነቃነቅ አዘዙኝ። በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው በቁልፉ ላይ አፈጠጡ።

«ይህ ነሐስ ምንድን ነው?»

«የሽኝት ስጦታዬ ነው።»

«እኔ ዘንድ ሲመጡ የት ነበር?»

«ኪሴ ውስጥ። ዘይት እንዳይነካው ብዬ።»

«መቼ ተሰጠዎ?»

«በመስከረም።»

«መኪናዋስ የታመመችው?»

«ከመጣሁ በ…» ብዬ ጀመርኩና ማኅደሩን አየሁት።

ቁልፉን ከማኅደሩ አውጥተው አዞሩት፤ ተነሣች። መልሰው ከተቱት፤ ዞረች፣ አልተነሣችም። አወጡት፤ ተነሣች። ይህን ከሚያስፈልገው በላይ ደጋገሙት። ከዚያ ምስጢሩን አስረዱኝ። በቁልፉ ጥቁር ራስ ውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር አለች። ቁልፉ በገባ ቁጥር መኪናዋ ማን ነሽ ብላ ትጠይቃታለች፤ እሷም ስሟን ትናገራለች። ነሐሱ ግን አፏን ያፍናታል። መልስ ያላገኘች መኪና ሞተሪኖውን ታዞራለች እንጂ ሞተሩ እንዲነሣ አትፈቅድም፤ ለሌባ የተበጀ ዘዴ ነው።

«ለሌባ ብቻ አይደለም» አሉ፣ ዓምዱን ተደግፈው እየሳቁ። «የስምዎን ቅርጽ አይታ የመንግሥት መኪና የሆነች መስሏት ነው። የስምሪት ወረቀት እየጠበቀች ነበር።»

እኔ አልሳቅሁም። ፊቴን አይተው ሳቃቸውን ገቱና፣ እንደ ልማዳቸው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ። ለተሰብሳቢው የላላ ሽቦ አገኘሁ፣ ዛሬ ጠዋት አጠበቅሁት እላለሁ፤ የማኅደሩ ነገር ከዚህ ግቢ አይወጣም አሉኝ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያልታየ ሽቦ ለእሳቸው ምን ይጠቅማቸዋል ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዓይኔ ደክሟል እላለኋ» አሉ። «ሰባ ሁለት ዓመቴ አይደል? ያምኑኛል።»

ስብሰባው በአራት ሰዓት በምድር ቤቱ መግቢያ አዳራሽ ተጀመረ። ሁሉም ከየቤቱ ወንበሩን ይዞ ወርዷል። ቤቱ የማርታ በመሆኑ እኔ የተገኘሁት በጽሑፍ ውክልና ነው። ሁለተኛው አጀንዳ ሲደርስ ሲኞራ ፍራንካ ተነሥተው ስድስት ሳምንት ያልተኙትን እንቅልፍ በዝርዝር አቀረቡ። ጋሽ ሬናቶ በሰፈሩ ጣሊያንኛ የሽቦውን ተረት ጀመሩ፤ እንደ ወትሯቸው ሰውን አሳቁ። የሕንጻው አስተዳዳሪ ግን ሽቦውን ቀደም ብለው ያላገኙት ስለ ምን እንደሆነ ጠየቋቸው። ዓይናቸው መድከሙን ተናገሩ። ሲኞራ ፍራንካም ያላንዳች ክፋት፣ ዓይኑ የደከመ መካኒክ ቢያርፍ ለራሱም ለሌላውም እንደሚበጅ አመለከቱ። ሁለት ሦስት ሰዎች በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ነቀነቃ በኋላ የሚመጣው ድምፅ መስጠት ብቻ ነበር።

ተነሣሁ። ሳረቅቅ የቆየሁት ጣሊያንኛ ሁሉ ጠፍቶኝ፣ የቀረኝን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ፤ ሲኞር ሬናቶ የተናገሩት እውነት አይደለም አልኩ።

ጋሽ ሬናቶ ሳይዞሩ፣ በአማርኛ፣ «ቁጭ ይበሉ፣ ሰውዬ» አሉኝ።

«ቃሌን ልስጥ፣ ጋሽ ሬናቶ። ከመታመሟ በፊት የገባው አዲስ ነገር እኔ ነኝ።»

መዝገቤን ከፍቼ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን መስመር በተሰባበረ ጣሊያንኛ አነበብኩ፤ ከዚያም ሁሉም ወደ ግቢው እንዲወጡ ጠየቅሁ። ሲኞራ ፍራንካ ከሾፌሩ ወንበር ላይ ራሳቸው ካልተቀመጡ እንደማያምኑ ገለጹ። ማኅደሩን የለበሰውን ቁልፍ አዞሩ። «ይኸው! ይህ ነው ድምፁ» አሉ። ማኅደሩን አወለቁ፤ ተነሣች። ቢያንስ አምስት ጊዜ አለበሱ፣ አምስት ጊዜ አወለቁ፤ ከመኪናዋ ለማስወረድ አስተዳዳሪው መለመን ነበረባቸው። በወረዱ ጊዜ በነሐሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው። ማኅደሩን በመዳፌ ላይ አኑረው ጣቶቼን አጠፉልኝና፣ «ሲኞር ዲሬቶሬ፣ እኔንም በታማኝነት አገልግለውኛል፤ አንድ ቀን ሳያጎድሉ ቀስቅሰውኛል» አሉ። ከሳቁት ሁሉ በላይ የሳቁት ጋሽ ሬናቶ ነበሩ። ከዚያ ወደ አዳራሹ ተመልሰን ድምፅ ሰጠን።

ከዚያ በኋላ በጋራዡ የቃል ተቀባይነት ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። በርጩማው አጠገብ ወንበርና ደብተር ነበረኝ፤ ደንበኛው የሚለውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ጋሽ ሬናቶ ያነቡታል። መኪናው እየዞረ የማይነሣ ሰው በመጣ ቁጥር ግን ጥያቄያቸውን ከመጀመራቸው በፊት ወደ እኔ ዞረው፣ «ክቡር ሚኒስትር፣ ኪስዎን ይፈትሹልኝ፤ የእርስዎ እጅ እንዳይኖርበት» ይሉ ነበር።

ባለፈው የካቲት ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። ልጠይቃቸው በሄድኩበት ዕለት አንድ ወጣት ሐኪም መሣሪያውን በደረታቸው ላይ አሳርፎ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠ። ጋሽ ሬናቶ ወደ እኔ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይዞራል» አሉኝ፤ «መነሣቱን ነው እንጃ።» በማግስቱ ጠዋት አረፉ።

በቀብሩ ላይ ያስነበብኩት ገጽ «በዚሁ ጋራዥ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሠርተዋል» ይላል። አባባሉ ትክክል ነው፤ ማስረጃው ግን ሳይያያዝ ቀርቷል። ማስረጃው የዚያ ቅዳሜ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሲሆን፣ ሁለተኛውን አጀንዳ የሚመለከተው ክፍል ሲተረጎም እንዲህ ይላል፤

«አንደኛ፦ ረባሹ ድምፅ ከጋራዡ የመጣ አለመሆኑ በተሰብሳቢዎች ፊት በተግባር ስለተረጋገጠ፣ የሲኞር ሬናቶ የኪራይ ውል ሲኞራ ፍራንካን ጨምሮ በሙሉ ድምፅ እንዲታደስ ተወስኗል። ሁለተኛ፦ በአራተኛው ፎቅ የሚኖሩት ሲኞር መኰንን ከዛሬ ጀምሮ በግቢው ውስጥ ማናቸውንም ሞተር እንዳያሞቁ፣ እሳቸውም በያዙት ውክልና ድጋፋቸውን ሰጥተውበት፣ በሙሉ ድምፅ ተከልክለዋል። ሮም፣ ኅዳር 17 ቀን 2015 ዓ.ም.»